ከመሃል የተጀመረው ወለል

ሰው አገር ሊጎበኝ ሲወጣ ወደ ላይ ያያል፤ ሕንፃ ያያል፣ ሰማይ ያያል። የኔ ባል ወደ ታች ነው የሚያየው። ስምንት ቀን ሙሉ ሁለት ከተማ አዞሩን፣ እሱ ወለል ወለሉን ሲያይ ከረመ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በጉልበቱ እየዳኸ የሰው ቤት ሴራሚክ ሲያነጥፍ የኖረን ሰው ምን ታደርገዋለህ? ሰፈር ውስጥ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ "ውሃ ልክ" ነው የሚሉት። ወለል ላይ ጥፍር የምታህል ዝንባሌ ካለች እግሩ ትነግረዋለች። እኔ ግን ፀጉሬን ተቆርጬ ብገባ በሦስተኛው ቀን ነው የሚያየኝ።

ጉዞውን ያዘጋጀችልን ልጃችን ናት፣ ነርሷ። "እማዬ፣ አባዬ ጡረታ ወጥቶ ግድግዳ ሲያይ ከሚውል ከቡድን ጋር ሂዱ። አስጎብኚ አለ፣ አውቶቡስ አለ፣ ምንም አታስቡም" አለችን። የሰጠችን ወረቀት "ደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ ሁለት ከተማ፣ ስምንት ቀን" ይላል። የሁለተኛውን ከተማ ስም ደግሜ አነበብኩት። ልጄ አውቃ ነው የመረጠችው። ወንድሟ ማሙሽ፣ የመጨረሻ ልጄ፣ ሲሠራ ቆይቶ የሞተው እዚያ ከተማ ነው።

ባሌም አይቶታል። መነጽሩን አድርጎ አነበበ፣ ወረቀቱን አጠፈና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። "ሻንጣ አለን?" አለ። ማሙሽ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ በነዚያ ሦስት ዓመታት ባሌ ስሙን አንድ ቀን እንኳ አልጠራም። እኔ ድሮ "የማሙሽ አባት" ነበር የምለው። ስሙ በተነሳ ቁጥር ብድግ ብሎ ሲወጣብኝ ጊዜ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ "አንተ ሰውዬ" ሆነ ስሙ።

የአባትና የልጅ ጣጣ የመጣው ከአንድ ሳሎን ነው። በኛ ቤት ወለል ከበር ነው የሚጀመረው። የባሌ አባትም እንደዚያ ነበር የሚሠሩት። ሙሉው ሴራሚክ በር ላይ ይቀመጥና ወደ ውስጥ እየተኬደ፣ መጨረሻ ላይ የሚተርፈው ቁራጭ ከሶፋ ጀርባ ይደበቃል። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ሙሉውን ነው። ማሙሽ ሙያ ትምህርት ቤት ገብቶ ሌላ ተማረ። "አባዬ፣ ክፍሉን በሲባጎ ለሁለት ከፍሎ ከመሃል መጀመር ነው። ቁራጩ በግራም በቀኝም እኩል ይወጣል፣ ዓይን ያርፍበታል" ይላል። "ዓይንህን ሌላ ቦታ አሳርፈው" ይለዋል አባቱ። ምሳ ላይ ይኸው ነው፣ እራት ላይ ይኸው ነው። በዚያ ላይ ልጄ ግራኝ ነው። ትንሽ ሆኖ አባቱ መዶሻውን በቀኝ ያስይዘዋል፣ እሱ ወደ ግራ ይመልሰዋል። ቢለው ቢለው እምቢ አለው፤ እሱን እንኳ ተወው።

አንድ ሰሞን ባሌ ወገቡን አሞት ተኛና ማሙሽ የአንድ ዶክተር ሳሎን ብቻውን ጀመረ። ከመሃል። ባሌ በአራተኛው ቀን ሲመጣ ግማሹ ተነጥፏል። በሩ ላይ ቆመ፣ አየ፣ በዶክተሩ ፊት፣ በሠራተኞቹ ፊት "ንቀል" አለው። ልጄ ነቀለ። ሲሚንቶው ይዞ ነበርና በመሮ እየፈነቀለ፣ ቀኑን ሙሉ የገዛ ሥራውን በገዛ እጁ ሲነቅል ዋለ። ማታ ቤት ገብቶ እጁን ታጠበና ሳይበላ ተኛ። በወሩ "ሥራ አግኝቻለሁ" ብሎ ባሕር ተሻገረ። ቅስሙን ነው የሰበረው። ይህን ለባሌ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፤ አንዴ አይደለም፣ መቶ ጊዜ።

ማሙሽ በሄደ በሦስተኛው ዓመት በስልክ አንድ ፎቶ ላከልኝ። ሰው የለበትም፤ ባዶ አዳራሽና ወለል ብቻ፤ ከሥሩ የሆቴሉን ስም ጽፎበታል። በድምፁም ጨመረበት፦ "እማዬ፣ ይሄን ሆቴል ውስጥ ብቻዬን ነው የሠራሁት፤ አለቃዬ አምኖ ለቀቀልኝ። ለአባዬ አሳዪው። ምን እንዳለም ንገሪኝ።" ስልኩን ይዤ ባሌ ጋ ሄድኩ። ጫማውን እያሰረ ነበር፣ ቀና አላለም። "ከመሃል ነው የጀመረው?" አለ። "እኔ ምን አውቄ! እየዋ!" አልኩት። ክሩን አስሮ ጨረሰና ተነስቶ ወጣ።

እኔስ ምን አደረግኩ? ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዋሸሁ። ለልጄ ደወልኩና "አይቶታል፣ ጥሩ ነው ብሏል" አልኩት። ማሙሽም፣ "እውነት እማዬ? ጥሩ ነው አለ? በዚያው ቃል?" አለኝ። "በዚያው ቃል" አልኩ። ደስ ብሎት ሳቀ። አባቱ የማንንም ሥራ "ጥሩ ነው" ሲል ሰምቶ አያውቅማ! ካማረ ካማረ "ይሆናል" ነው የሚለው። ሁለት ወር ሳይሞላ ትኩሳት ያዘውና በሦስተኛው ቀን አረፈ። የመጣልን የታሸገ ሣጥን ነው። ፊቱን አላየሁም።

እንግዲህ እኔ ወደዚያ ከተማ የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ያችን ውሸቴን እውነት ላደርጋት ነው። ባሌ ያንን ወለል በዓይኑ ማየት አለበት፣ አይቶም ያችን ቃል ማለት አለበት። ካላላት ልጄን አታልዬ ነው የሸኘሁት።

ጉዱ የጀመረው ገና ከአውሮፕላን ጣቢያ ነው። ፈታሹ የባሌን የእጅ ቦርሳ አስቆመና በካልሲ የተጠቀለለ አንድ ብረት አወጣ። ትንሿ ውሃ ልኩ ናት፤ ያችው መሃሏ ላይ አረፋ የምትዋኝባት። "ምንድን ነው ይሄ?" አለ ፈታሹ። "ውሃ ልክ" አለ ባሌ፣ ሰው ሁሉ ይዞት የሚዞር ይመስል። ፈታሹ አገላብጦ አይቶ መለሰለት። እኔ በሐፍረት መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። "ጡረታ ወጥተህ ምን ልትለካበት ነው?" ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

ተጓዦቹ አሥራ አራት ነን። አስጎብኚያችን የኛው አገር ልጅ ናት፤ እንዳንጠፋባት ቢጫ ጃንጥላ ከፍ አድርጋ ከፊት ትሄዳለች፣ አውቶቡስ ስንገባ በጣቷ እያመለከተች ትቆጥረናለች። አሥራ አራት ሳትል ሾፌሩ አይንቀሳቀስም። የመጀመሪያው ከተማ ወንዝ ለሁለት የከፈለው፣ ድልድይ የበዛበት ነው። ነገሥታት ይቀመጡበት ነበር ከተባለ አዳራሽ አስገቡን፤ ሰዉ አንገቱን ሰብሮ ጣሪያውን ሲያይ ባሌ ተንበርክኮ ወለሉን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል። ከሥሩ ሲሚንቶ የያዘው ሴራሚክ ደንደን ያለ ድምፅ አለው፣ ያልያዘው እንደ ባዶ ጣሳ ይጮሃል። ዘበኛው መጥቶ በትህትና አስነሳው። ከኛ ጋር የመጣ አንድ ፋርማሲስት ነበር፣ ነገረኛ ግን ሆዱ ቂም የማይቋጥር፤ በዚያች ቀን ቀልድ አገኘ። ከየቦታው ስንወጣ "አባባ፣ ዛሬስ ወለሉ አለፈ?" ይላል። ባሌም የምሩን ነው የሚመልሰው። "ይሆናል" ይላል። ወይም "ጥጉ ጋ ሲሚንቶ ሰርቀዋል" ይላል። አውቶቡሱ ሙሉ ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

ሁለተኛው ከተማ ስንገባ ባሌ ወደ ታች ማየት አቆመ። መጀመሪያ አላስተዋልኩም። ሆቴላችን ስንገባ ወለሉ የሚያብለጨልጭ ነው፤ እሱ ግን ግድግዳ ግድግዳውን እያየ አለፈ። ገበያ ወሰዱን፣ ቀና ብሎ የጣሪያ ቆርቆሮ ያያል። ፋርማሲስቱ "አባባ፣ ወለሉስ?" ቢለው አልመለሰለትም። ያኔ ገባኝ። በዚያ ከተማ የሚረግጠው ወለል ሁሉ የማሙሽ ሊሆን ይችላል። ሰውዬው ፈርቷል። ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬው ስኖር ፈርቶ አይቼው አላውቅም፤ አንጀቴን በላው።

በሰባተኛው ቀን ለአስጎብኚዋ ሁሉን ነገርኳት፣ ፎቶውንም የሆቴሉንም ስም አሳየኋት። ልጅቷ ጃንጥላዋን አጥፋ አጠገቤ ተቀመጠች። "እማማ፣ ምነው ቀድመው ቢነግሩኝ?" አለች። ወዲያው ደወለች፣ በሰዎቹ ቋንቋ ብዙ ተነጋገረች። አዳራሹ በማግስቱ ባዶ ነው፣ ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ ብለዋል። የማግስቱ ከሰዓት ነፃ ሰዓታችን ነበር፤ ሌላው ጀልባ ሊሳፈር፣ በአሥር ሰዓት ሁላችንም አውቶቡሱ ጋ ልንገናኝ፣ ከዚያ ወደ አውሮፕላን።

ጠዋት ቁርስ ላይ ነገርኩት። "አንተ ሰውዬ፣ ከሰዓት አንድ ቦታ እንሄዳለን።"

"የት?"

"ልጅህ የሠራው ወለል ጋ።"

ሲኒውን አስቀመጠ። "አልሄድም" አለ።

ደሜ ፈላ። "ተወው! እኔ ሄጄ አያለሁ። አንተ እዚህ ተጎልተህ የአልጋ እግር ቁጠር!" አልኩት። ሰው ዞሮ አየን። ግድ አልሰጠኝም።

በሰባት ሰዓት ከአስጎብኚዋ ጋር ታክሲ ልንገባ ስንል ባሌ ከደረጃው ወረደ። ጫማውን ወልውሏል፣ ኮቱን ለብሷል፣ የኮቱ ኪስ ወደ ታች ተጎትቷል። ውሃ ልኳን ይዟታል። ከቤት የያዛት ለዚህ ነበር። የታክሲውን በር ከፈትኩና "ግባ፣ ሰዓት ሄደ" አልኩት።

ማሙሽ የሠራበት ሆቴል አዳራሽ ምድር ቤት ነው። ወንበሩ ሁሉ ተደራርቦ አንድ ጎን ቆሟል፣ በሌላው ጎን ረጃጅም መስኮቶች አሉ፣ ሙቀቱ በነሱ ይገባል። በሩን የከፈተልን የሆቴሉ የጥገና ሠራተኛ ነው፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ የቁልፍ ዘለላ ወገቡ ላይ ያንጠለጠለ ሰው። ባሌ በሩ ላይ ቆመ። ከዚያች ደፍ አንድ እርምጃ አልገባም አለ። እንደዚያ ቀን ነው የቆመው፣ ዶክተሩ ቤት እንደቆመው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ።

በግራ ያለውን ቁራጭ አየ። በቀኝ ያለውን ቁራጭ አየ። በስንዝሩ ለካቸው፤ እኩል ናቸው። "ከመሃል ነው" አለ፣ ለራሱ። ውሃ ልኳን አስቀመጠ፣ አረፋዋ መሃሏ ላይ ቆመች። ትንሽ ዳኸና ደግሞ አስቀመጠ፣ ቆመች። ከዚያ ማንኳኳት ጀመረ። አንድ በአንድ፣ መስመር በመስመር፣ ያንን የሚያህል አዳራሽ በጉልበቱ ይሄድ ጀመር። ጠጋኙ መጀመሪያ ፈገግ አለ። ኋላ ሄዶ ሁለት የወንበር ትራስ አምጥቶ ከጉልበቱ ሥር አደረገለት። የሚሰማው ያ ደንደን ያለ ድምፅ ነው፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ "አደራህን፣ አደራህን" እላለሁ በሆዴ፤ እግዜርን ይሁን ልጄን አላውቅም። ባሌን አውቀዋለሁ። አንድ ባዶ ካገኘ "ጥሩ ነው" አይልም። ለሟች ብሎ፣ ለሚስቱ ብሎ፣ ለማንም ብሎ አይልም።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። የቀሩት በመስኮቱ በኩል ያሉት ሁለት መስመር ብቻ ናቸው። መጨረሻው መስመር ላይ፣ ከጥጉ አራተኛዋ፣ ጮኸች። ባዶ ጣሳ። ደግሞ አንኳኳት። ዙሪያዋን አንኳኳ፣ ሁሉም ደህና ናቸው፣ እሷ ብቻ ናት። "ይቺ አልያዘችም" አለ ባሌ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን እኔም አላውቅም። "አገኘህ!" ብዬ ጮህኩ። "ከዚያ ሁሉ መሃል አንዷን አገኘህ! እሰይ፣ ደስ ይበልህ! ፎቶውን ለማየት ቀና ማለት አቅቶህ፣ ዛሬ ግን በአራት እግርህ ድኸህ ጥፋቱን አገኘህለት! እኔ 'አባትህ ጥሩ ነው ብሏል' ብዬ ዋሽቼዋለሁ፣ ትሰማለህ? ያላልከውን ብሏል ብዬዋለሁ! ያንን ይዞ ነው የሞተው!" አስጎብኚዋ እጄን ያዘችኝ። ጠጋኙ መሬት መሬት ያያል።

ባሌ ተንበርክኮ እንዳለ ወደ እኔ ዞረ። "ምን አለ?" አለኝ።

"ማን?"

"እንዲያ ስትዪው። ምን አለ?"

"ሳቀ" አልኩት። "ደስ ብሎት ሳቀ።"

ራሱን ነቀነቀ።

ጠጋኙ ቋንቋችን አልገባውም፤ ሴራሚኳን ግን አውቋታል። በአስጎብኚዋ በኩል ተናገረ። ይቺ ከተነቃነቀች ቆይታለች፣ ዛሬ ነገ እያልኩ ነው፣ አባባ ሙያተኛ ከሆኑ ለምን አብረን አናስተካክላትም፣ ዕቃው አለኝ፣ አለ። ባሌ ኮቱን አውልቆ ሰጠኝ። መሮና ቀጭን ብረት መጣለት፣ ጠጋኙ በባልዲ ትንሽ ሲሚንቶ አቦካ። ባሌ ዙሪያዋን ያለውን መጋጠሚያ ፋቅ ፋቅ አደረገና በብረቱ ከጥጓ ቀስ አድርጎ አነሳት። ሙሉዋን ተነሳች፤ ከጀርባዋ ምንም አልያዘም።

ከሥሯ ሲሚንቶው እንዳለ ነው። ወለል ሲነጠፍ ሲሚንቶው በባለ ጥርስ ብረት ይበጠራል፣ መስመር መስመር ይሆናል። ሴራሚኩ ሲመታ መስመሩ ተጨፍልቆ ይጠፋል። እዚህ አልጠፋም። ደርቆ ቀርቷል፣ ትናንት የተበጠረ ይመስላል። ባሌ አጎነበሰ። መስመሮቹ እንደ ቅስት ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ናቸው፤ ቀኝ እጁን ወደ መስመሩ ሰደደና በአየር ላይ እንደሚበጥር አድርጎ ሞከረው። የሱ ቅስት በተቃራኒው ነው የሚዞረው። እጁን ቀይሮ በግራው ሞከረ። ልክ መጣ።

"ግራኝ" አለ። መዳፉን መስመሮቹ ላይ አሳረፈ። "የሱ እጅ ናት። በዚህ መስኮት ፀሐይ ገብቶ ሲሚንቶው ደርቆበት ነው እንጂ... ሙቀቱ ነው። የሱ ጥፋት አይደለም።"

ጠጋኙ ባልዲውን አቀረበ፣ በእጁም አመለከተው። አዲሱ እንዲይዝ አሮጌው ሲሚንቶ መፈቅፈቅ አለበት፤ ይህን ለባሌ የሚነግረው ሰው አያስፈልግም። ባሌ መሮውን አነሳ፣ የመጀመሪያዋ መስመር ጫፍ ላይ አሳረፈው፣ መዶሻውን ያዘ። መዶሻው ሳይወርድ ቆየ።

"አንዴ ንቀል ብዬዋለሁ" አለ። "ሁለተኛ አልነቅልም።"

መሮውን አስቀመጠ። ሴራሚኳን በሁለት እጁ አንስቶ በእጅጌው ከጠረጋት በኋላ ያለ አንድ ማንኪያ ሲሚንቶ እንደነበረች መልሶ አስቀመጣት። በሠላሳ አምስት ዓመት ባዶ ሴራሚክ ትቶ ሲነሳ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "ንገሪው" አለ አስጎብኚዋን። "ይቅርታ ያድርግልኝ። ይቺ እንዲሁ ትቆይ፣ የልጄ እጅ አለባት።" ልጅቷ ነገረችው። ጠጋኙ ባሌን አየ፣ ባልዲውን አየ። ከዚያ ሄዶ ከበሩ አጠገብ የነበረውን ትልቅ የአበባ ገንቦ እየጎተተ አመጣና ማንም እንዳይረግጣት ከላይዋ አቆመው።

ታክሲ ውስጥ ባሌ "ያ ፎቶ አለሽ?" አለኝ። ስልኩን ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገ፣ ፎቶውን አየው። መንገዱን ሙሉ ስልኩን አልመለሰልኝም።

አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው። ሰዉ በሙቀት በግኖ ነበር፤ አንዲት ሴት "አውሮፕላኑ ይጠብቀናል እንዴ?" ስትል ሰማሁ። አስጎብኚዋ በጣቷ ቆጠረችን፣ አሥራ አራት አለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። ፋርማሲስቱ ነገሩን ለማብረድ ይመስለኛል፣ የተለመደውን አመጣ፦ "አባባ፣ ይሄን ሁሉ ያስጠበቁን ለወለል ነው? ለመሆኑ አለፈ?"

ባሌ ቆሞ ነበር። የወንበሩን ጀርባ ያዘ።

"ጥሩ ነው" አለ። "ጥሩ ነው። የልጄ የማሙሽ ሥራ ነው።"

ማንም አልሳቀም። ፋርማሲስቱ ከመቀመጫው ተነስቶ መስኮት ዳር ያለውን ቦታ ለቀቀለት። አውቶቡሱ ተነሳ። አጠገቡ ተቀምጬ ሳይ ሱሪው ከጉልበቱ ጀምሮ አመድ መስሏል።

"የማሙሽ አባት፣" አልኩት፣ "ጉልበትህን አራግፍ እንጂ፣ ሲሚንቶ ነው።"

"ተይው" አለኝ።